በሄርማታ የበጋ አታክልት ስፍራ ስለ አበቦች አመራረጥ የቀረበ ታሪካዊ ጥናት

ከውጭ አገር የአታክልት መጻሕፍት «ሰመር» የሚለውን ቃል በጋ፥ «ዊንተር» የሚለውን ደግሞ ክረምት ብሎ መተርጐም ልማድ ሆኗል። ነገር ግን የተተረጐመው ቃሉ ነው እንጂ ወራቱ አይደሉም። የአውሮጳ በጋ ሰኔ፥ ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን በሄርማታ ግን እነዚሁ ወራት ዝናብ የሚበረታባቸው ናቸው። ስለዚህ «ለሞቃትና ለደረቅ በጋ የሚስማሙ አበቦች» የሚለውን ዝርዝር እንዳለ ቀድቶ የሚተክል ሰው ድካሙ ከንቱ ሊሆንበት ይችላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ በሄርማታ በጋ የሚያብብ ተክል በምን መመዘኛ ሊመረጥ እንደሚገባ ከታሪክ ጋር አያይዘን ለመመርመር እንሞክራለን።

የጅማ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዓመት የሚዘንብባት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ ይህም የሮም ከተማ ከምታገኘው እጥፍ ሊሆን ጥቂት የሚቀረው ነው። ሆኖም ዝናቡ በወራቱ ሁሉ እኩል አይከፋፈልም። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፥ ኦሮሞው ቦና በሚለው ወራት፥ ሰማዩ ይጠራል፥ መሬቱም ይደርቃል። እንግዲህ በዚህ ስፍራ የሚተከል አበባ ሁለት ተቃራኒ ፈተናዎችን ማለፍ አለበት፤ ይኸውም በክረምት ሥሩ ሳይበሰብስ፥ በበጋም ሳይጠወልግ መቈየት ነው።

ሄርማታ አስቀድሞ ስሙ የታወቀው በገበያው ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር (እ.ኤ.አ. 1878–1932) ከፍ ባለው በጅሬን ቤተ መንግሥታቸው ሆነው በገዙበት ዘመን፥ ከሸዋ፥ ከከፋና ከሌላም አገር የሚመጡ ነጋዴዎች የሐሙሱን ገበያ ይሞሉት ነበር። ከሚሸጠውም መካከል ቡና ብቻ ሳይሆን የሰው ልጅም ነበረበት። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን በባለጸጋ ቤት ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀም የባሪያ ሥራ ነበር። ባርነት ከቀረ በኋላም ቧንቧ ባልገባበት ቤት እንስራው በሴቶችና በልጆች ጀርባ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ በበጋ ውሃ አብዝቶ የሚሻ አበባ መምረጥ፥ ውሃውን የሚሸከመውን ሰው አብሮ መምረጥ ነው።

ኢጣልያኖች አገራችንን በወረሩ ጊዜ (እ.ኤ.አ. 1936–1941) ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው መቀመጫ አድርገው ነበር። የእነርሱ አገር ልማድ ከእኛው ጋር ምን ያህል እንደሚለያይ በአንድ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ላቫንደርና የሥጋ መጥበሻ በሜዲቴራኒያን ዳርቻ በደረቅና በድንጋያማ ስፍራ የሚበቅሉ፥ ድርቅን የለመዱ ተክሎች ናቸው። ነገር ግን ሥራቸው ረግረግ አይወድም፤ የእኛ ክረምት ውሃ በሚቈምበት ጭቃ ላይ ካገኛቸው በጋውን ሳያዩ ይጠፋሉ። ስለዚህ ድርቅን መቻል ብቻውን በቂ መመዘኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ የተከፈተው የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ለዚህች ከተማ የእርሻን ትምህርት ባመጣ ጊዜም፥ የኦክላሆማና የጅማ ወራት እንደማይገጥሙ ማስተዋል ያስፈልግ ነበር።

እንግዲህ በሄርማታ የሚጸኑት አበቦች የትኞቹ ናቸው? በእኛ አስተያየት ዝናብና ድርቅ ከሚፈራረቁበት አገር የመጡት ናቸው። ቡገንቪሊያ የብራዚል ተወላጅ ነው። ስሙንም ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1766 እስከ 1769 በመርከብ ዓለምን ከዞረው ከፈረንሳዊው ቡገንቪል ነው። አበባ መስሎ የሚታየን ቀለሙ እንደ ወረቀት የሳሳ ቅጠል ሲሆን፥ ውሃ ሲበዛለት ቅጠሉን ያለመልማል፥ ውሃ ሲያጥረው ግን ቀለሙ ይደምቃል። ከሜክሲኮ የመጣው ፖይንሴቲያም ሌሊቱ በሚረዝምበት በኅዳርና በታኅሣሥ ይቀላል። የደቡብ አሜሪካው ጃካራንዳ ደግሞ ቅጠሉን አራግፎ ወይን ጠጅ አበባውን ያወጣል።

ይሁን እንጂ ከባሕር ማዶ ከመሻት በፊት ደጃችንን ማየት ይገባናል። በአማርኛ ቆርች በኦሮምኛ ዋለንሱ የሚባለው ዛፍ ቅርንጫፉ ተቈርጦ ሲተከል የሚበቅል፥ ለአጥርም የሚያገለግል ነው። በበጋ ቅጠሉ ረግፎ ሳለ እንደ ፍም የቀላ አበባ ያወጣል። ግራዋም በዚሁ ወራት በነጭ አበባ ተሸፍኖ ንቦችን ይመግባል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ቡና ራሱ ነው። የቡና እንቡጥ በበጋ ተኝቶ ይቈያል፤ ድርቁን ካልቀመሰ በአንድነት አይፈነዳም። የመጀመሪያው ዝናብ በወረደ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ገደማ ቍጥቋጦው በአንድ ጊዜ ነጭ ሆኖ መዓዛው መንደሩን ይሞላዋል። ሌላው ተክል እንደ ጠላት የሚያየውን ድርቅ ቡና የአበባው መቀስቀሻ አድርጎታል።

ጽጌረዳ ያለ ብዙ ውሃ አይደምቅም፤ ነገር ግን ውበቱ ስለማይካድ ፈጽሞ ይቅር አንልም። በቤት አጠገብ አንድ ሁለት ብቻ ተክሎ፥ ሳሙና ባልበዛበት የእጣቢ ውሃ ማጠጣት ይቻላል። ለቀሩት ግን ችግኙን በክረምት መግቢያ መትከል ይሻላል፤ ይህም ሥሩ በጋው ሳይደርስ ወደ ታች እንዲወርድ ነው። ሥሩንም በደረቅ ሣርና በቅጠል ማልበስ፥ ውሃውንም ፀሐይ ከበረደች በኋላ ማጠጣት ይጠቅማል።

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ያመራል። የአታክልት ስፍራ የሚመዘነው በአበባው ብዛት ብቻ ሳይሆን፥ አበባው በሚጠይቀው እንስራም ጭምር ነው። ይህን ጥናት ለማስፋፋት የሚሻ ተማሪ በየግቢው የሚያብበውን ተክል፥ ያበበበትን ቀንና የጠጣውን ውሃ ከኅዳር እስከ የካቲት ቢመዘግብ፥ ለከተማችን ከውጭ ከሚቀዳው ዝርዝር ይልቅ የሚጠቅም መጽሐፍ መነሻ ይሆናል ብለን እናምናለን።