ከደረቀ እንጉዳይ የተገኘ ምስክርነት

እ.ኤ.አ. በ1938 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሞንተሬይ ከሚገኘው የዴል ሞንቴ ሆቴል ግቢ አንድ የጅብ ጥላ ተለቀመ። ደርቆ፣ የተገኘበት ቦታና ጊዜ ተመዝግቦለት ለናሙናነት ተቀመጠ። ከ70 ዓመት በኋላ ለአንድ የቆየ ክርክር ዋና ምስክር ሆኖ ቀረበ።

ሳይንሳዊ ስሙ አማኒታ ፋሎይደስ ነው፤ ፈረንጆች «የሞት ቆብ» ይሉታል። አናቱ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ከግርጌው ነጭ ከረጢት የመሰለ ነገር ያለው፣ ለዓይን የሚያምር እንጉዳይ ነው። መርዙን እሳት አያጠፋውም፤ ቢቀቀልም ቢጠበስም ያው ነው። የበላው ሰው ለሰዓታት ምንም አይሰማውም። ከዚያ ትውከትና ተቅማጥ ያጣድፈዋል፤ ቀጥሎ ደግሞ የተሻለው መስሎት ቀና ይላል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይህቺ የፋታ ጊዜ ናት፤ በሽተኛው ዳንኩ ሲል ጉበቱ እየሞተ ነው።

ክርክሩ፣ መርዘኛው የአሜሪካ ተወላጅ ነው ወይስ መጤ የሚል ነበር። የኒውዮርክ ግዛት የዕፅዋት ሊቅ የነበሩትን ቻርልስ ፔክን ጨምሮ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተመራማሪዎች፣ የአውሮፓውን እንጉዳይ ስም በጫካቸው ላገኟቸው ተመሳሳይ ዝርያዎች ሰጥተው ነበር። መዝገቡን ብቻ ያነበበ ሰው፣ እንጉዳዩ ከጥንት ጀምሮ እዚያው የኖረ ይመስለዋል።

ስሙ ብቻ ተጽፎ ቀርቶ ቢሆን ስህተቱን የሚያርም ባልተገኘ ነበር። ደግነቱ እንጉዳዮቹም አብረው ተቀምጠዋል። የእንጉዳይ ተመራማሪዋ አን ፕሪንግልና ባልደረቦቻቸው የድሮዎቹን ናሙናዎች እንደገና መረመሩ፤ የዘረመል ምርመራም አካሄዱ። ውጤቱን በ2009 ሲያሳትሙ፣ በዚህ ስም ከተመዘገቡት መካከል ሌላ ዝርያ ሆነው የተገኙ ነበሩ። በካሊፎርኒያ ማንነቱ የተረጋገጠው የመጀመሪያው ናሙና ያ የ1938ቱ ነው፤ በ1945 ደግሞ ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተለቅሟል። ዘሩ ከአውሮፓ ነው። ይህ እንጉዳይ ከዛፍ ሥር ጋር ተቆራኝቶ፣ ምግብ ተለዋውጦ የሚኖር በመሆኑ፣ ባሕር የተሻገረው ከችግኝ ሥር ጋር እንደሆነ ይገመታል። ካሊፎርኒያ ሲደርስ ግን ከአገሬው የኦክ ዛፍ ጋር ተስማምቶ በባሕር ዳርቻው ተስፋፋ።

በ2016 ዲሴምበር ወር በሰሜን ካሊፎርኒያ 14 ሰዎች በዚሁ እንጉዳይ ተመርዘው፣ ለ3ቱ የጉበት ንቅለ ተከላ ተደርጎላቸዋል። በሳን ፍራንሲስኮ፣ በኦክላንድና በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ከዝናብ በኋላ ከኦክ ዛፍ ሥር የበቀለ እንጉዳይ የአገር ቤቱ መስሏችሁ አትልቀሙ። የበላ ሰው ካለም ሕመሙ እስኪጀምረው ሳትጠብቁ ሐኪም ቤት አድርሱት።