ቀዳዳው ጠበበ፣ ጊዜው አላጠረም

የትከሻ ጅማታቸውን አሰፍተው ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍላችን የሚመጡ ሰዎች ቅሬታቸው አንድ ነው፦ «ቁስሉ እኮ ድኗል፤ ክንዴ ለምን አይነሳም?» እውነታቸውን ነው። የአርትሮስኮፒ፣ ማለትም በጠባብ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ጠባሳ ጥፍር አያክልም። ጅማቱ ግን የራሱ ቀጠሮ አለው፤ ይህን አጥብቆ የያዘው ሰው ደግሞ አርትሮስኮፒ ትከሻ ላይ ከመድረሱ ብዙ ዓመታት በፊት የኖረ ነው።

የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ኤሞሪ ኮድማን እ.ኤ.አ. በ1909 ክንድ ወደ ላይ እንዲነሳ የሚያግዘውን የተበጠሰ ጅማት ሰፋ፤ በ1911ም ስለዚሁ ጽፎ አሳተመ። ባልደረቦቹን ያስቆጣው ግን ስፌቱ አልነበረም። ታካሚ ሁሉ ከዓመት በኋላ ተጠርቶ ይታይ፣ ሕክምናው ካልሠራም ምክንያቱ ይመዝገብ በማለቱ ነው። በ1915 በሐኪሞች ስብሰባ ላይ፣ ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ለሐኪሞች የወርቅ እንቁላል የምትጥል ሰጎን ሥዕል ሲያሳይ ጉባኤው ታመሰ። እሱ ግን ከ1911 እስከ 1916 በራሱ ትንሽ ሆስፒታል የታከሙ 337 ሰዎችን ውጤት፣ 123 ስህተቶችን ጨምሮ፣ ለሕዝብ ይፋ አደረገ። በ1934 ደግሞ ስለ ትከሻ ብቻ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ።

ዛሬም በስሙ የሚጠራ እንቅስቃሴ አለ። ታካሚዋ ጎንበስ ብለው በደህናው እጃቸው ጠረጴዛ ይይዛሉ፤ የተሰፋው ክንድ ቁልቁል ይንጠለጠላል። «እማማ፣ ክንድዎን አያንሱት፣ ይተዉት» እላለሁ። ወገብ ሲወዛወዝ ክንዱ ተከትሎ ይዞራል፤ ጡንቻው ሳይለፋ መገጣጠሚያው ይፍታታል።

ጠባቡ ቀዳዳ የመጣው ከቶኪዮ ነው። ኬንጂ ታካጊ በ1918 በሽንት ፊኛ መመልከቻ የአስከሬን ጉልበት ውስጡን አየ። በቲቢ በሽታ ምክንያት ጉልበት መድረቁ መሬት ላይ ለሚቀመጥ ሕዝብ ትልቅ ችግር ነበርና። ማሳኪ ዋታናቤ በ1962 በዚያው መንገድ የተቀደደ ሜኒስከስ (በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለ ልስልስ አጥንት) ቆርጦ አወጣ። የቶሮንቶው ሮበርት ጃክሰን ጥበቡን ከእሱ ተምሮ ወደ ሰሜን አሜሪካ ወሰደ። የትከሻ ጅማትን ሙሉ በሙሉ በዚህ ዘዴ መስፋት የተለመደው ግን ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው።

ትርፉ ግልጽ ነው፦ ትልቁ የትከሻ ጡንቻ አይነካም፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመምም ይቀላል። ጅማት ከአጥንት ጋር የሚጣበቅበትን ፍጥነት ግን ካሜራ አይለውጠውም። ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ክንድ በማንጠልጠያ ይቆያል፤ ማጠንከሪያው ከሦስተኛው ወር ገደማ ይጀመራል፤ ሙሉ አገልግሎት ደግሞ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይፈጃል። ሕመሙ ስለቀነሰ ብቻ በሁለተኛው ወር ጀሪካን የሚያነሳ ሰው ስፌቱን ሊበጥስ ይችላል።

ስለዚህ ዓመት ሲሞላ ታካሚዎቼን እጠራለሁ። ጸጉርዎን ያበጥራሉ? ከመደርደሪያ ዕቃ ያወርዳሉ? እላለሁ። የማይችሉ ካሉ፣ ለምን እንደሆነ ካርዳቸው ላይ እጽፋለሁ።