ሥጋ ቆራጭ ወይስ ሆደ ቡቡ?

በጅማ ዙሪያ፣ በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር በሚበቅለው ቡና ውስጥ፣ ከሚታይበት ጊዜ የሚሰማበት የሚበዛ ወፍ አለ። ጀርባው ጥቁር፣ ደረቱ ነጭ፣ ክንፉ ላይ ነጭ ሰረዝ ያለበት ነው። ከጥሻው ውስጥ እንደ ደወል የጠራ ድምፅ ይወጣል፤ ወዲያው ሌላ ድምፅ ይከተለዋል። ሰሚው የአንድ ወፍ ዜማ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የሁለት ጥንዶች ቅብብሎሽ ነው፤ በማኅሌት ግራና ቀኝ፣ በመንዙማም መሪና ተቀባይ እንዳለ ሁሉ፣ አንደኛው ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል።

የዚህ ወፍ የስም ታሪክ ዘወትር ይገርመኛል። ፈረንሳዊው ሊቅ ቡፎን እ.ኤ.አ. በ1775 ስለ አንድ ጥቁርና ነጭ የአቢሲኒያ ወፍ ጻፈ። ጀርመናዊው ግሜሊንም ከእርሱና ከሌላ ጸሐፊ መዝገብ ተነሥቶ በ1789 «ቱርደስ ኤትዮፒከስ» አለው። ቱርደስ ግን የሌላ ወገን ስም ነበር። ኋላ ወደ «ላኒያሪየስ» ተዛወረ። የዚህ ስም ሥር በላቲን ሥጋ ቆራጭ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ወፉ የሚመስላቸው እነ ላኒየስ ያደኑትን ነፍሳትና እንሽላሊት፣ ሥጋ በሜንጦ እንደሚሰቀል፣ እሾህ ላይ ይሰካሉ። የዘር ጥናት ግን ዝምድናውን ለያይቶታል፦ እውነተኞቹ ሥጋ ቆራጮች ወደ ቁራ ወገን ሲጠጉ፣ የእኛው ወፍ የማዳጋስካሮቹ ቫንጋዎች ዘመድ ሆኖ ተገኘ። መንቆሩ ቢመስልም ቤቱ ሌላ ነው።

ፈረንጆች በተለምዶ የሚጠሩት ከድምፁ በወጣ ስም፣ «ቡቡ» እያሉ ነው። በአማርኛችን ሆደ ቡቡ የሚባለው ርኅሩኅ፣ ለሰው የሚያዝን ነው። እነሆ፣ አንዱን ወፍ መጽሐፍ ሥጋ ቆራጭ ሲለው ጆሯችን ርኅሩኅ ይለዋል! እርሱ ግን ሁለቱንም አይደለም፤ ነፍሳት ይለቅማል፣ ባገኘም ጊዜ የሌሎችን ወፎች እንቁላል ይበላል።

በባንክ ሥራዬ ሰውን ከመልኩ ይልቅ በፊርማው ለይቶ ማመን ለምጃለሁ። የቡቡ ፊርማ ድምፁ ነው። የካምብሪጁ ሊቅ ቶርፕ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ጽሑፍ የአፍሪካ ቡቡዎችን የጥሪና የመልስ ፍጥነት ለክቶ አሳይቷል፤ መልሱ ከሰከንድ ባነሰ ቅጽበት ይደርሳል። በ2004 ደግሞ አይቮሪ ኮስት ውስጥ የተደረገ ጥናት፣ የዚሁ ወፍ የቅርብ ዘመድ የሆኑ ጥንዶች ወሰናቸውን የደፈረ ባላንጣ ሲያሸንፉ ለድሉ ብቻ የተለየ ዜማ እንደሚያወጡ አመለከተ። ፉከራ የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚልቅብኝ ግን በጎረቤታችን በሶማሊያ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ቡሎ ቡርቲ በተባለች ከተማ አንድ እንግዳ ቡቡ ታየ። የቀድሞው ልማድ ወፉን ገድሎ ቆዳውን በሙዚየም ማስቀመጥ ነበር። እነዚህ ተመራማሪዎች ግን ያዙት፤ ደሙንና ላባውን መረመሩ፤ በ1990 ወደ አገሩ መልሰው ለቀቁት። በ1991 «ላኒያሪየስ ሊቤራተስ»፣ ነጻ የወጣው፣ ብለው ሰየሙት። በ2008 የወጣ የዘር ጥናት ግን ወፉ አዲስ ዝርያ ሳይሆን ከሚታወቅ ቡቡ በቀለም ብቻ የተለየ መሆኑን አሳየ። ስሙ ወደቀ፤ ወፉ ግን በሕይወት ወደ ጥሻው ተመልሷል። ከሊቃውንቱ ወገን ሥጋ ቆራጭነት በሆደ ቡቡነት የተሸነፈው ያን ቀን ይመስለኛል።

አሁን ተራው የእኛ ነው። በኢትዮጵያ ተደርጎ በ2015 የታተመ ጥናት፣ በጥላ ሥር የሚለማው ቡናችን ውስጥ ከደኑ በእጥፍ የሚበልጡ የወፍ ዝርያዎችን አገኘ፤ በደኑ የተመዘገቡትም ሁሉ በቡናው ውስጥ ተገኝተዋል። ሆኖም በጥሻ ሥር ነፍሳት የሚለቅሙትና ከደን በቀር መኖሪያ የማይወዱት በደኑ ይበዙ ነበር። እንግዲህ ጥላው ሲቆረጥ፣ ጥሻው እስከ መሬት ሲመነጠር፣ በቡናው ቦታ ጫትና ባሕር ዛፍ ሲተካ፣ የምንቆርጠው እንጨት ብቻ አይደለም። እኔ የቦሳ አዲስ ሰው ነኝ፤ መሶቤ የሚሞላው ከቡናው ገንዘብ ነው፤ የገበሬውን ችግር አላቃልልም። ግን መጥረቢያው ከመነሣቱ በፊት ጥቂት ጆሮ መስጠት የሚያስከፍል አይመስለኝም።

አንዱ ከጥሻው ሲጠራ፣ ሌላው ካልመለሰ፣
ዛፉ ብቻ አይደለም፣ ዜማውም ፈረሰ።