ዝሆኔ የዘር በሽታ ነው?

በጎጃም ደጋ ለጋብቻ የቤተሰብ ሁኔታ ሲጣራ ከሚነሱት ጥያቄዎች አንዱ «ቤታቸው ዝሆኔ አለ ወይ?» የሚለው ነው። በጥያቄው ምክንያት የተሰረዙ ጋብቻዎችና ያለ ትዳር የቀሩ ሰዎች አሉ። ለመሆኑ እግርን የሚያሳብጠው ይህ በሽታ በእርግጥ በዘር ይወረሳል? የሳይንሱ መልስ «ግማሹ እውነት ነው» የሚል ነው። የቀረውን ግማሽ አለማወቅ ግን ብዙ ሰው እየጎዳ ነው።

ምንነቱ

ዝሆኔ የሚለው ስም ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ይጠቀልላል። አንደኛው በትንኝ በሚተላለፍ ትል የሚመጣ ሲሆን የሚገኘው በሞቃታማ ቆላ ነው። ሁለተኛው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ይህኛው የደጋና የወይና ደጋ በሽታ ነው፤ በትል፣ በባክቴሪያ ወይም በቫይረስ አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። መነሻው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ነው። ረቂቅ የማዕድን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል ይገቡና የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣሉ። ቧንቧዎቹ ሲጠቡና ሲዘጉ ፈሳሽ እየተጠራቀመ እግር ያብጣል። ይህንን የአፈር ምክንያት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ባደረጋቸው ጥናቶች ያስረዳው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው።

በኢትዮጵያ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች በሽታው እንዳለባቸው እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ግምት ያሳያል። የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አማኑኤል በዚሁ የበሽታው ቀጠና ውስጥ ትገኛለች። በአቅራቢያዋ ባሉት የደብረ ኤልያስና የደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ነዋሪዎች 3.3 በመቶው ታማሚዎች መሆናቸውን አረጋግጧል።

የጂን ድርሻ

ሁሉም በአንድ አፈር ላይ በባዶ እግሩ እየሄደ አንዱ ሲታመም ሌላው ጤነኛ የሚሆነው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የወላይታ ጥናት፣ የታማሚ ወንድም ወይም እህት የሆነ ሰው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ 5 እጥፍ ያህል እንደሆነ፣ የውርስ ድርሻውም 63 በመቶ እንደሚደርስ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ዶ/ር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን አነጻጽረው፣ ልዩነቱ «ኤች.ኤል.ኤ ክላስ 2» በሚባለው የጂን ክፍል ላይ እንደሚገኝ አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናትም ግንኙነቱን በአማራ፣ በኦሮሞና በወላይታ ተወላጆች ዘንድ አረጋግጧል።

እነዚህ ጂኖች የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ባዕድ ነገርን ለይቶ እንዲያውቅ የሚረዱ ናቸው። የአንዳንድ ሰው መከላከያ ሥርዓት የአፈሩን ቅንጣት ሲያገኝ ከሌላው ይበልጥ ይቆጣል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከተገኙት የጂን ዓይነቶች አንዱን መያዝ የመታመም ዕድልን የሚያሳድገው ወደ 2 እጥፍ ገደማ እንጂ ሕመሙን አይቀሬ አያደርገውም።

የ63 በመቶው ትርጉም

ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ በስህተት ይተረጎማል። «ከታማሚ የተወለደ ልጅ 63 በመቶ ይታመማል» ማለት አይደለም። በዚያው አፈር ላይ በሚኖር ሕዝብ ውስጥ፣ በሰዎች መካከል ያለው የተጋላጭነት ልዩነት ምን ያህሉ ከውርስ እንደሚመነጭ የሚገልጽ ነው። አፈሩ እግሩን ካልነካው፣ ተጋላጭ ጂን ያለውም ሰው በዚህ በሽታ አይያዝም።

ስለዚህ «የዘር በሽታ ነው» የሚለው አነጋገር ሁለት ጉዳት ያስከትላል። ታማሚ ያለበት ቤተሰብ «ጫማ ምን ሊፈይድ?» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ታማሚ የሌለበት ደግሞ «እኛን አይነካንም» ብሎ ይዘናጋል። ሁለቱም ልጆቻቸውን በባዶ እግር ያሰማራሉ።

መከላከያውና ሕክምናው

መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ ዘወትር ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው። ለዚህ የጂን ምርመራ አያስፈልግም፤ ምክሩ ለሁሉም አንድ ነውና። ቤተሰባቸው ውስጥ ታማሚ ያለባቸው ግን ይበልጥ ሊጠነቀቁ ይገባል።

እግሩ ማበጥ የጀመረም ተስፋ አይቆርጥም። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ታማሚዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እግርን አዘውትሮ ማጠብ፣ ቆዳን ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ እግርን ማንቀሳቀስና ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ታማሚውን አልጋ ላይ የሚጥለውን የሕመም መነሳት በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እነዚህ ሁሉ ታማሚው ትንሽ ሥልጠና ካገኘ በቤቱ ሊያደርጋቸው የሚችሉ ናቸው።

እንግዲህ ለጋብቻ ዘር የሚቆጥር ሽማግሌ፣ ጂን ብቻውን ማንንም እንደማያሳምም ቢያውቅ መልካም ነው። ከወላጅ የሚወረሰው ተጋላጭነት ነው፤ በሽታውን የሚያመጣው ባዶ እግር ነው።