የባሕር ዳርቻ ጽዳትና የበጎ ፈቃድ ጉዞ፦ ቆሻሻ በመልቀም የሚሰበሰበው ገንዘብ ማንን ይጠቅማል?

በብሪታኒያ የባሕር ዳርቻዎች በየዓመቱ የሚታይ አንድ የተለመደ ትዕይንት አለ። ጓንት ያጠለቁ ወጣቶች ከረጢት ይዘው ማዕበሉ ትቶት የሄደውን ቆሻሻ ይለቅማሉ። ከመካከላቸው አንዱ የሞሉትን ከረጢቶች እየመዘነ ክብደታቸውን ይመዘግባል። ምዝገባው ለወጉ ያህል የሚደረግ አይደለም። ቀደም ብለው ስማቸውን በወረቀት ላይ ያሰፈሩ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና መምህራን ለተለቀመው ለእያንዳንዱ ኪሎ ገንዘብ ለመክፈል ቃል ገብተዋል።

ገንዘቡ ሲጠራቀም አንድ ወጣት ወደ ሩቅ አገር ተጉዞ ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት በበጎ ፈቃደኝነት እንዲያገለግል ወጪውን ይሸፍናል። ብዙ ጊዜ መዳረሻው የአፍሪካ አገር ነው።

በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ የሚመታ የሚመስለው ይህ አሠራር በጎ ሐሳብ እንዳለው አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ባሕሩ በእርግጥ ይጸዳል ወይ? ተጓዡ የሚደርስበት ማኅበረሰብስ ከጉዞው ምን ያገኛል? የሚሉት ጥያቄዎች ሁልጊዜም አብረውት ይነሣሉ።

አሠራሩ እንዴት ነው?

በብሪታኒያና በሌሎች እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ስፖንሰር የሚደረግ ተግባር የቆየ ልማድ ነው። አንድ ሰው ረጅም መንገድ ይጓዛል፣ ይሮጣል፣ ወይም ይዋኛል። የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ ተግባሩን ከፈጸመ ለአንድ የበጎ አድራጎት ዓላማ ገንዘብ ለመስጠት ቃል ይገባሉ። የባሕር ዳርቻ ጽዳት ከእነዚህ የሚለየው ድካሙ ራሱ ለሕዝብ የሚተርፍ ሥራ በመሆኑ ነው።

ክፍያው የተወሰነ ሊሆን ይችላል፤ በሰዓት፣ በከረጢት ወይም በኪሎ ሊሰላም ይችላል። ልምድ ያላቸው አዘጋጆች በኪሎ የሚሰላውን በጥንቃቄ ያዩታል። ምክንያቱም በውኃ የራሰ የዓሣ ማጥመጃ መረብ ብዙ ሲመዝን፣ ለባሕር እንስሳት እኩል አደገኛ የሆኑት ጥቃቅን ፕላስቲኮች ግን ሚዛን አያነሡም።

በኢትዮጵያ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ሁሉ፣ ስፖንሰር ማድረግም ለአንድ ቤተሰብ የሚከብደውን ወጪ ለብዙዎች ያከፋፍላል። ከደቦና ከወንፈል ግን ይለያል። በደቦ ጎረቤት የሚሰጠው ጉልበቱን ሲሆን ጉልበቱም በቀጥታ ለባለ ጉዳዩ ይውላል። በዚህኛው ግን አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይከፍላል፣ ጥቅሙ ደግሞ ለሦስተኛ ወገን እንዲደርስ ይታሰባል። የሚያነጋግረውም ይኸው ሦስተኛው ወገን ነው።

ጽዳቱ ለባሕሩ ምን ይፈይዳል?

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንደሚገምተው፣ በየዓመቱ ከ19 እስከ 23 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ የፕላስቲክ ቆሻሻ ወደ ሐይቆች፣ ወንዞችና ባሕሮች ይገባል። ከዚህ አንጻር በአንድ ቅዳሜ የሚለቀም ጥቂት መቶ ኪሎ እንደ ጠብታ ነው። ዛሬ የጸዳው ዳርቻ በሚቀጥለው ማዕበል ተመልሶ ሊቆሽሽ ይችላል።

የጽዳቱ ዘላቂ ጥቅም ያለው ከከረጢቱ ይልቅ በመዝገቡ ላይ ነው። በአውሮፓውያኑ 1986 በአሜሪካዋ ቴክሳስ ግዛት 2,800 ያህል በጎ ፈቃደኞች የባሕር ዳርቻ ሲያጸዱ፣ አዘጋጆቹ ያገኙትን እያንዳንዱን ዕቃ በዓይነቱ እንዲመዘግቡ ጠየቋቸው። ይህ ጅማሮ አድጎ ዛሬ በየዓመቱ በመስከረም ወር ዓለም አቀፍ የባሕር ዳርቻ ጽዳት ተብሎ በብዙ አገሮች ይካሄዳል። ለረጅም ዓመታት የዝርዝሩን አናት የያዘው የሲጋራ ቁራጭ ነበር። በ2019ኙ ጽዳት ግን ከ4.7 ሚሊዮን በላይ የምግብ መጠቅለያዎች ተለቅመው ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታውን ወሰዱ።

በብሪታኒያም የባሕር ጥበቃ ማኅበር በጎ ፈቃደኞች በ100 ሜትር ርቀት ውስጥ ያገኙትን ሁሉ ይቆጥራሉ። ርዝመቱ አንድ ዓይነት መሆኑ ዓመትን ከዓመት፣ ዳርቻን ከዳርቻ ለማነጻጸር ያስችላል። በአገሪቱ በፌስታል ላይ ክፍያ ከተጣለ በኋላ፣ በዳርቻዎች የሚገኘው የፌስታል ብዛት በአሥር ዓመት ውስጥ በ80 በመቶ ገደማ መቀነሱን ያሳየው ይህ ቆጠራ ነው። አንድ ሕግ ውጤት ማምጣት አለማምጣቱን ለማወቅ የበጎ ፈቃደኞች እርሳስና ወረቀት በቂ ሆኖ ተገኝቷል ማለት ነው።

በዚህም ምክንያት ያልተመዘገበ ጽዳት ግማሽ ሥራ ነው ይባላል።

ገንዘቡ የሚሸኛቸው ተጓዦች

የበጎ ፈቃድ ጉዞ ሁሉ በተጓዡ ኪስ የሚሸፈን አይደለም። በ1961 የተመሠረተው የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጪውን የሚሸፍነው ከመንግሥት በጀት ነው። ጓዱ በ1962 ወደ ኢትዮጵያ የላካቸው ወደ 300 የሚጠጉ የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኞች በአብዛኛው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በመምህርነት አገልግለዋል። ከዚያ በፊት በ1958 በብሪታኒያ የተቋቋመው ቪኤስኦም በመጀመሪያ ትምህርታቸውን ገና የጨረሱ ወጣቶችን ይልክ የነበረ ሲሆን፣ ኋላ ላይ ትኩረቱን ሙያ ወዳላቸው ሰዎች አዙሯል።

ከ2011 ጀምሮ ለዓመታት በሠራው የብሪታኒያ ዓለም አቀፍ የዜግነት አገልግሎት ደግሞ ሁለቱ መንገዶች ተጣምረዋል። አብዛኛውን ወጪ መንግሥት ሲሸፍን፣ ከ18 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው ተሳታፊዎች በበኩላቸው ገንዘብ እንዲያሰባስቡ ይጠየቁ ነበር። የመርሐ ግብሩ ሌላ መለያ ከውጭ የሚሄዱት ወጣቶች ከሚሄዱበት አገር ወጣቶች ጋር ጎን ለጎን እንዲሠሩ መደረጉ ነው።

ከእነዚህ ውጭ ያለው ሰፊ ገበያ ነው። ተጓዡ ለአንድ ድርጅት ክፍያ ፈጽሞ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ትምህርት ቤት ይቀባል፣ እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ወይም ሕፃናትን ይንከባከባል። ተቺዎች ይህን ዓይነቱን ጉዞ ከበጎ ፈቃድ ይልቅ ለጉብኝት የቀረበ ነው ይሉታል።

ጉዞው ጉዳት የሚያመጣበት ጊዜ

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የታየው በሕፃናት ማሳደጊያዎች ነው። በዓለም ዙሪያ በማሳደጊያ ከሚኖሩ ሕፃናት አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት እንዳላቸው የሕፃናት መብት ድርጅቶች ደጋግመው አስታውቀዋል። ገንዘብ ይዘው የሚመጡ ጎብኚዎች በበዙ ቁጥር፣ አንዳንድ ማሳደጊያዎች ድሃ ወላጆችን አባብለው ልጆቻቸውን የሚወስዱበት ምክንያት ይጨምራል። በየሁለት ሳምንቱ ከሚለዋወጡ እንግዶች ጋር መላመድና መለያየትም ሕፃናቱን ይጎዳል። አውስትራሊያ ሕፃናትን ለማሳደጊያዎች ትርፍ ማዘዋወርን በ2018 የዘመናዊ ባርነት አንድ ገጽታ አድርጋ በመቀበል ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች።

ሁለተኛው ቅሬታ ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ሙያ የሌለው እንግዳ ግንብ ሲገነባ የአካባቢው ግንበኛ ሥራ ፈትቶ ይመለከታል። ለአንድ የአውሮፕላን ቲኬት የሚወጣው ገንዘብ ለአካባቢው መምህር ወይም ነርስ የብዙ ወራት ደመወዝ ሊሆን በሚችልበት ቦታ፣ ገንዘቡ ብቻውን ቢላክስ? ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው።

የጉዞው ደጋፊዎችም መልስ አላቸው። ሰዎች ስፖንሰር የሚያደርጉት የሚያውቁትን ወጣት ነው፤ እርሱ ባይሄድ ኖሮ ገንዘቡ ጭራሽ አይሰበሰብም ይላሉ። በወጣትነቱ ሌላ አገር ያየ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ለዚያ አገር ጉዳይ ባይተዋር እንደማይሆንም ይጠቅሳሉ። በኢትዮጵያ ያገለገሉ የቀድሞ የሰላም ጓድ አባላት ከአሥርተ ዓመታት በኋላም ከአገሪቱ ጋር ያላቸውን ትስስር ጠብቀው መቆየታቸው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል።

በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ

የባሕር ዳርቻ ጽዳት ከሌላ አገር የሚመጣ ሥራ ብቻ አይደለም። በኬንያ ላሙ ደሴት የጀልባ ሠሪዎች ከዳርቻና ከከተማ የተሰበሰበ ፕላስቲክ አቅልጠው «ፍሊፕፍሎፒ» የተባለችውን ባለ ሸራ ጀልባ ሠርተዋል። ውጫዊ አካሏ በ30,000 ገደማ አሮጌ ነጠላ ጫማዎች ተሸፍኗል። ጀልባዋ በ2019 ከላሙ እስከ ዛንዚባር በመጓዝ በየወደቡ ስለ ፕላስቲክ ብክለት መልእክት አድርሳለች።

መንግሥታትም እርምጃ ወስደዋል። ኤርትራ በ2005፣ ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017፣ ታንዛኒያ በ2019 ፌስታልን ከልክለዋል። የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያም በ2025 ተመሳሳይ ክልከላ የያዘ አዋጅ አጽድቃለች። በአንጻሩ ዓለም አቀፍ የፕላስቲክ ስምምነት ለማዘጋጀት በ2022 በናይሮቢ የተጀመረው ጥረት በነሐሴ 2025ቱ የጄኔቫ ድርድር ከስምምነት ሳይደርስ ቀርቷል።

የበጎ ፈቃድ ጉዞ አቅጣጫም እየተለወጠ ነው። የአፍሪካ ኅብረት በ2010 ባቋቋመው የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ አማካይነት አፍሪካውያን ወጣቶች ከአንዱ የአህጉሪቱ አገር ወደ ሌላው ሄደው በሙያቸው ያገለግላሉ።

ገንዘብ ከመስጠት በፊት

ስፖንሰር እንዲሆን የተጠየቀ ሰው ጥቂት ነገሮችን ማጣራት ይችላል። ገንዘቡ የሚገባው በወጣቱ ስም ነው ወይስ በተመዘገበ ድርጅት? ከዚያ ውስጥ ለቲኬትና ለማረፊያ የሚውለው ስንት ነው? ተጓዡ የሚሠራውን ሥራ የጠየቀው የአካባቢው ማኅበረሰብ ነው ወይስ ላኪው ድርጅት የፈጠረው? የአካባቢው ሰው ሊሠራው አይችልም ወይ? ከሕፃናት ጋር የሚያገናኝ ከሆነስ የተጓዡ የኋላ ታሪክ ይጣራል ወይ?

ጽዳቱን ለሚያዘጋጁትም የሚሠሩ ደንቦች አሉ። የዳርቻውን ባለቤት ማስፈቀድ፣ ማዕበሉ የሚመለስበትን ሰዓት ማወቅ፣ መርፌና ስለታም ነገሮችን በባዶ እጅ አለመንካት፣ ምንነቱ ያልታወቀ የብረት ዕቃ ሲገኝ ርቆ ለባለሥልጣን ማሳወቅ ያስፈልጋል። የባሕር አረም ቆሻሻ ባለመሆኑ ለወፎችና ለትናንሽ ፍጥረታት ምግብና መጠለያ ሆኖ ባለበት መተው አለበት። ኤሊዎች እንቁላል በሚጥሉባቸው ዳርቻዎች ደግሞ አሸዋ መቆፈር ክልክል ነው። የተሰበሰበው ቆሻሻ ወዴት እንደሚሄድም አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ አለዚያ ከዳርቻው የተነሣው ፕላስቲክ ከመንገድ ዳር ተከማችቶ በነፋስና በጎርፍ ወደ መጣበት ይመለሳል። ይህ ሁሉ በሐይቅና በወንዝ ዳር ለሚደረግ ጽዳትም ይሠራል።

ዳርቻውን ያጸዳው ወጣት ሥራው ምን እንዳስገኘ በዚያው ቀን በዓይኑ ያያል። ገንዘቡ የወሰደው ጉዞ ውጤት ግን የሚታወቀው ከተመለሰ በኋላ ነው። የሚመዝኑትም እርሱን የሸኙት ሳይሆኑ የተቀበሉት ሰዎች ናቸው።