ለእኛ ያልተጻፈው ቃል፦ ከአሜሪካ የነፃነት አዋጅ እስከ ሚያዝያ 12 ቀን 1966



እዚህ ዱርቤቴ ከዐስር እስከ መግሪብ ባለችው ሰዓት ከወጣቶቻችን ጋር ስንቀመጥ ደጋግመን የምንሰማት ቃል አለች፦ «ሕገ መንግሥት ወረቀት ነው፤ ለእኛ ተብሎ የተጻፈ የለም።» ያለ ምክንያት አይሏትም። ነገር ግን ለእነሱ ያልተጻፈን ቃል ይዘው መብታቸውን የጠየቁ ሰዎች ታሪክ አለ። አባቶቻችንም ከእነሱ መካከል ናቸው። የነገሩ ጫፍ ያለው አሜሪካ ስለሆነ ትንሽ ታገሡን።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1776 በእንግሊዝ ሥር የነበሩ 13 ግዛቶች ነፃነታቸውን ሲያውጁ «ሰዎች ሁሉ እኩል ተፈጥረዋል» ብለው ጻፉ። አዋጁን ያረቀቀው ቶማስ ጄፈርሰን ነው። ይህ ሰው ገና ሕግ በሚማርበት ጊዜ፣ በ1765፣ የቁርኣንን የእንግሊዝኛ ትርጉም ገዝቶ ነበር። ለቨርጂኒያ ግዛት ያረቀቀው የሃይማኖት ነፃነት ሕግም በ1786 ጸድቋል። ስለዚህ ሕግ በኋላ ሲጽፍ ጥበቃው ለክርስቲያኑም፣ ለአይሁዱም፣ ለሙስሊሙም፣ ለሂንዱውም እንደሆነ ገልጿል። ሱብሓነላህ ያሰኛል! ግን ይኸው ሰው በዕድሜው ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። ከአፍሪካ ታስረው ወደዚያች አገር ከተጋዙት መካከል ደግሞ ሙስሊሞች ነበሩበት፤ ከእነሱም ውስጥ ዓሊሞች።

አንዱን እንጥራ። ዑመር ኢብን ሰዒድ ይባላል፤ አገሩ ፉታ ቶሮ፣ የዛሬዋ ሴኔጋል አካባቢ። በራሱ አንደበት እንደሚነግረን 25 ዓመት ኪታብ ሲቀራ ኖሯል። በ1807 ተማርኮ፣ ውቅያኖስ አሻግረው ቻርልስተን ወደብ ላይ ሸጡት። ከክፉ ጌታ አምልጦ ቢሸሽም ተይዞ ታሰረ፤ ለሌላ ጌታም ተላለፈ። በ1831 የሕይወቱን ታሪክ በዐረብኛ ጻፈ። ጽሑፉን የጀመረው በሱረቱል ሙልክ ነው። ሰው ንብረት ተደርጎ በተያዘበት አገር፣ ንግሥና ሁሉ የአላህ መሆኑን በሚናገረው ሱራ መጀመሩን ልብ በሉ። ምን ማለቱ እንደነበር መድረሳ የቆጠረ ሰው ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ባርነት በሕገ መንግሥት የተሻረበትን 1865 ሳያይ ሞተ። ጽሑፉ ዛሬ በዋሽንግተን በአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ የጄፈርሰን ቁርኣንም እዚያው ነው። የጌታው መጽሐፍና የባሪያው መጽሐፍ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኑ።

ታዲያ የ1776ቱ ቃል ውሸት ነበር? ጻፎቹ አልኖሩበትም፤ ይህ የማያከራክር ነው። ግን ቃሉ ከእጃቸው ወጣ። ከባርነት ያመለጠው ፍሬደሪክ ዳግላስ በ1852 አደባባይ ቆሞ፣ የነፃነት በዓላችሁ ለባሪያው ምኑ ነው ብሎ ጠየቀ። አዋጁን አልቀደደውም፤ «የጻፋችሁትን ፈጽሙ» አላቸው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1868፣ 14ኛው ማሻሻያ ሕገ መንግሥቱ ላይ ተጨመረ። ማንም ሰው በሕግ ከተወሰነው ሥርዓት ውጭ ሕይወቱን፣ ነፃነቱን፣ ንብረቱን አያጣም፤ የሕግ እኩል ጥበቃም አይነፈገውም ይላል። እርግጥ ነው፣ ከዚያም በኋላ ጥቁሮች ወደ 100 ዓመት ያህል ተረግጠው ኖረዋል።

ይህን ዓረፍተ ነገር ያዙት፤ ወደ አገራችን ይመጣልና።

በጥቅምት 1948 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓላቸውን 25ኛ ዓመት ሲያከብሩ የተሻሻለውን ሕገ መንግሥት አወጁ። ረቂቁን ካዘጋጁት ውስጥ ጆን ስፔንሰርን የመሰሉ አሜሪካውያን የሕግ አማካሪዎች ነበሩ። ስለዚህ አንቀጽ 37ን የሚያነብ ሰው ያንኑ የ14ኛውን ማሻሻያ ቃል ያገኘዋል፦ ማንም ሰው የሕግ እኩል ጥበቃ አይነፈገውም። አንቀጽ 43 ደግሞ የሕይወቱን፣ የነፃነቱንና የንብረቱን ጥበቃ ይደግማል። የባሪያ ልጆች ደም ያስጻፈው ቃል አዲስ አበባ ገባ ማለት ነው።

ይሁንና የዚያው ሰነድ አንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መሆኗንና በመንግሥት እንደምትደገፍ ይደነግጋል። ስለሌሎች ሃይማኖቶች የሚናገረው አንቀጽ 40 ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ግዛት «የሚኖሩ» ሰዎችን የአምልኮ ሥርዓት ማንም አይከለክልም ይላል። «የሚኖሩ» የምትለዋ ቃል በሕጉ ውስጥ ምንም ክፋት ሳይኖራት ሊሆን ይችላል። ለሙስሊሙ ግን ስሙ ሆና ቀረች፦ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች»። እንግዳም በሰው ቤት ይኖራል።

በእኛ በጎጃም ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። «እስላም አገር የለውም» የሚለው አባባል የተወለደው ሙስሊሙ ርስት ከማያገኝበት ኑሮ ነው። መሬት ያጣ ሰው በንግድና በሽመና አደረ። በዚህ አካባቢ «ነጋዴ» ሲባል ሙስሊም ማለት እስኪመስል ድረስ ስሙና ሥራው አንድ ሆነ። እዚህ ላይ ግን እውነቱን አንሸፍን፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎጃሟ የባሶ ገበያ ከጨውና ከቡና ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር፤ በዚያ ንግድ ውስጥ የሙስሊም ነጋዴዎችም እጅ ነበረበት። ለዑመር ኢብን ሰዒድ አዝነን ባሶን ብንዘልላት ፍትሕ አይሆንም። በኢትዮጵያ ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ነው።

ወደ 1966 እንምጣ። የካቲት ፈንድቷል፤ ወታደሩ፣ መምህሩ፣ ታክሲ ነጂው ሁሉ ጥያቄ ይዞ ወጥቷል። ቅዳሜ ሚያዝያ 12 ቀን በመቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ወጣ። አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ከጎኑ የተሰለፉ ክርስቲያኖችም፣ በተለይ ተማሪዎች፣ ነበሩ። ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን መንግሥት 13 ጥያቄዎች ቀረቡ። በዓሎቻችን በሕግ ይታወቁ፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ራሳቸውን ይቻሉ፤ አገር አቀፍ ድርጅት እንድናቋቁም ይፈቀድ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በጦር ሠራዊትና በዲፕሎማሲ ሥራ በር አይዘጋብን፤ መሬት ይኑረን። ከሁሉም በላይ እኛን የሚነካን ግን የስሙ ጥያቄ ነው፦ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ» አትበሉን፣ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» በሉን።

ንጉሡ ሃይማኖት የግል፣ አገር የጋራ ነው ይሉ ነበር። ሰልፈኞቹ ከዚህ የራቀ አዲስ ነገር አልጠየቁም፤ አገር የጋራ ከሆነች ድርሻችን የት አለ ነው ያሉት። ዳግላስ በ1852 ያደረገው ይህንኑ ነበር። የእኛዎቹ ስሙን ሰምተውት ይሁን አይሁን ለነገሩ ለውጥ አያመጣም፤ የተበደለ ሰው የበዳዩን ቃል ለመያዝ አስተማሪ አይፈልግም።

ያ መንግሥት መልስ ሊሰጥ ዕድሜ አላገኘም። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ፤ ሕገ መንግሥቱም ታገደ። በዚያው ዓመት ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ በአገር ደረጃ የሚከበሩ በዓላት ሆኑ። የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም ርስትን ሲሽር የሙስሊሙን አራሽ የመሬት ጥያቄ ቢያንስ በሕግ ፊት መለሰ። ደርግ ለሃይማኖት የነበረውን አያያዝ በኋላ ሁላችንም አይተናል፤ ስለዚህ ውለታውን ከልክ በላይ አናሳድገው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለየ፤ በአንቀጽ 25 ያንኑ የእኩል ጥበቃ ቃል ደገመ። በ2004 ከአወሊያ የተነሳው «ድምፃችን ይሰማ» መንግሥት በሃይማኖታችን ጣልቃ አይግባ ሲል አንቀጽ 11ንና 27ን ይጠቅስ ነበር። ብዙዎች በዚህ ታስረዋል።

ከ13ቱ ጥያቄዎች አንዱ የሆነው አገር አቀፍ ድርጅትስ? መጅሊስ ከደርግ ዘመን ጀምሮ በተለያየ መልክ ቆይቷል። ለኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት የተሰጠው ግን በ2012 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1207። ከሰልፉ 46 ዓመት በኋላ።