በሊማሊሞ የተጓዘ ገንዘብ፡ ከጠገራ ብር እስከ ደረሰኝ

የሰው ልጅ በገንዘብ መገበያየት ከጀመረ ወዲህ ሁለት ችግሮች አብረውት ኖረዋል። አንደኛው ገንዘቡን ማግኘት ሲሆን ሁለተኛው ያገኘውን ገንዘብ ሳይጎድል ወደሚፈለገው ቦታ ማድረስ ነው። «ብር ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይባላል። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ለሚኖረው ገበሬ ግን ብሩ ራሱ የሚሄድበት መንገድ ለረጅም ዘመን አስቸጋሪ ነበር። ይህ ጽሑፍ በዳባት፣ በደባርቅና በሊማሊሞ መስመር ገንዘብ እንዴት ይጓዝ እንደነበረ፣ ጥሬ ገንዘብን በደብዳቤ ውስጥ መላክ ምን ጉዳት እንዳስከተለ፣ ከዚህም የኅብረት ሥራ ማኅበራት ምን ሊማሩ እንደሚችሉ በአጭሩ ይዳስሳል።

የበቅሎ ዘመን

ከጎንደር ተነስቶ በዳባትና በደባርቅ የሚያልፈው፣ ሊማሊሞን ወርዶ ተከዜን በመሻገር እስከ ምጽዋ ወደብ የሚዘልቀው መንገድ ጥንታዊ የሲራራ ንግድ መስመር ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ መጥቶ ጎንደር የገባው ይህንኑ ዳገት ወጥቶ ነበር።

በዚያን ዘመን ነጋዴው ይዞት የሚሄደው ገንዘብ በአመዛኙ አሞሌ ጨው፣ ኋላም ጠገራ ብር የሚባለው ማርያ ትሬዛ ነበር። አሞሌ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፤ ሲወድቅ ይሰበራል። ጠገራ ብር በበኩሉ አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለሆነም ሁለት ሺህ ብር 56 ኪሎ ግራም ይሆናል ማለት ነው። ይህም በሊማሊሞ ዳገት ለአንድ በቅሎ በቂ ጭነት ነው። እንዲህ ያለውን ሸክም ከሽፍታ ዓይን መሰወር ስለማይቻል ነጋዴዎች በነጋድራስ እየተመሩ፣ መሣሪያ ታጥቀውና ተሰባስበው ይጓዙ ነበር።

መልእክተኛው ግን ብቻውን ይሄዳል። ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክቶ ለሁሉ በሚታይ ሁኔታ ይዞ ይጓዛል። በእጁ ያለው ወረቀት ብቻ በመሆኑ ለዘራፊ የሚጠቅም ነገር አልነበረውም። በአጭሩ ደብዳቤና ገንዘብ በየፊናቸው ይጓዙ ነበር። አዲሱ አደጋ የመጣው ሁለቱ በአንድ ፖስታ ውስጥ ሲገናኙ ነው።

ፖስታ ቤትና የወረቀት ብር

ዘመናዊ የፖስታ አገልግሎት በአገራችን የተቋቋመው በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች የታተሙት በፓሪስ ነበር። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የሊማሊሞ ገደል ተቆርጦ የመኪና መንገድ ወጣለት። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በወረቀት ኖት ወጣ። ቀድሞ በቅሎ ይጭነው የነበረው ገንዘብ ከዚያ ወዲህ ከደብዳቤ ጋር ታጥፎ በአንድ ፖስታ የሚገባ ሆነ።

ይህ ትልቅ ምቾት ነበር። በከተማ የሚሠራ ልጅ ወይም በጦር ሠራዊት ውስጥ ያለ ወንድም ለቤተሰቡ ጥቂት ብር ከሰላምታው ጋር መላክ ቻለ። ነገር ግን ደብዳቤው እስከ ገበሬው ደጃፍ አይደርስም። ከፖስታ ቤቱ ወጥቶ በትምህርት ቤት፣ በገበሬ ማኅበር ወይም ገበያ በወጣ ጎረቤት በኩል እየተቀባበለ ነው ባለቤቱ እጅ የሚገባው። በነካው እጅ ሁሉ ደግሞ ፖስታው ለብርሃን ተይዞ ሊታይ፣ በእንፋሎት ተከፍቶ ተመልሶ ሊታሸግ ይችላል።

ከዚህ የከፋው ማስረጃ አለመኖሩ ነው። በተራ ደብዳቤ ውስጥ ምን እንደነበረ የሚያውቀው ላኪው ብቻ ነው። ብሩ ቢጠፋ ከየትኛው እጅ እንደጠፋ ማረጋገጥ አይቻልም። በዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብም ቢሆን ሳንቲምና የባንክ ኖት በተራ ደብዳቤ መላክ የተከለከለ ነው። ደብዳቤው ሪኮማንዴ ቢሆን እንኳ ሲጠፋ የሚከፈለው ካሳ አስቀድሞ የተወሰነ እንጂ በውስጡ በነበረው ገንዘብ ልክ አይደለም። ከውጭ አገር ዶላር ደብቆ የሚልክ ሰው ችግሩ እጥፍ ይሆንበት ነበር። በደርግ ዘመን አንድ ዶላር በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ተወስኖ የውጭ ምንዛሪ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ስለነበረ ተቀባዩ «ዶላሬ ጠፋብኝ» ብሎ አቤት ማለት ራሱን እንደ መክሰስ ነበር። ብዙውን ጊዜም ጉዳቱ ከገንዘቡ ያልፋል። ላኪው «ልኬያለሁ» ይላል፤ ተቀባዩ «አልደረሰኝም» ይላል፤ በመካከል ያለው ጎረቤት ሳይሰርቅ ይጠረጠራል።

ሌሎች አገሮች ያገኙት መፍትሔ

ይህ ችግር በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር የፖስታ ሠረገላ ዘረፋ በበዛ ጊዜ ሰዎች የባንክ ኖቱን ለሁለት ቆርጠው ግማሹን አስቀድመው ይልኩ ነበር። መድረሱ ሲረጋገጥ ሌላው ግማሽ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1792 የፖስታ ቤት ሠራተኞች ሐዋላ ጀመሩ። ላኪው ገንዘቡን ላለበት ፖስታ ቤት ይከፍላል፤ በፖስታ የሚሄደው የክፍያ ትእዛዙ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ሥራው የመንግሥት ፖስታ ቤት ሆነ። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1864፣ በእርስ በርስ ጦርነቷ ጊዜ፣ ይህንኑ አገልግሎት ጀመረች። የዘዴው ምስጢር ቀላል ነው፤ ገንዘቡና ወረቀቱ እንደ ጥንቱ ዳግመኛ ተለያዩ። በአገራችንም ሐዋላ በባንክና በፖስታ ቤት በኩል ሲሠራበት ቆይቷል።

በመቀነት የተቋጠረ ገንዘብ

ሆኖም ለብዙው ገበሬ ባንኩም ፖስታ ቤቱም ሩቅ ነበር። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሁመራ የሰሊጥና የጥጥ እርሻ ሲስፋፋ ከደጋው ለሥራ የሚወርደው ሰው በዛ። የወራት ላቡን በልብሱ ሰፍቶ ወይም በመቀነት ቋጥሮ፣ አለዚያም በሾፌርና በአገር ልጅ እጅ ልኮ ወደ ቤቱ ያደርስ ነበር። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው ብሂል ለዚህ ዓይነቱ መተማመን ትልቅ ዋስትና ነው። ይሁን እንጂ አደራ ሽፍታን አያስቆምም፤ የተገለበጠ መኪናንም አያነሳም።

ቤት የገባውም ገንዘብ ቢሆን ከስጋት ነፃ አልነበረም። በ1969 ዓ.ም. ደርግ የብር ኖቶችን ለወጠ። በመስከረም 2013 ዓ.ም.ም የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው የ200 ብር ኖት ሲወጣ የተሰጠው የመለወጫ ጊዜ ሦስት ወር ነበር። በጎታና በሣጥን ተደብቆ የኖረ ብር በእነዚህ ጊዜያት ባለቤቱን አስጨንቋል።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚተርፍ ትምህርት

ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/1991 እንደገና ሲደራጁ ጥያቄው ከአንድ ቤተሰብ ወደ ብዙ አባላት ተሸጋገረ። ምርት በሚሰበሰብበት ወቅት ለገብስና ለስንዴ መግዣ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ከባንክ አውጥቶ ቀበሌ ድረስ ማጓጓዝ የግድ የሆነባቸው ጊዜያት አሉ። ገንዘብ ያዡ በጆንያ ይዞት የሚሄደው ገንዘብ የራሱ አይደለም፤ የብዙ አባወራዎችና እማወራዎች የዓመት ድካም ነው። መንገድ ላይ ቢጠፋ አባላቱ የሚያጡት ብሩን ብቻ ሳይሆን በማኅበራቸው ላይ ያላቸውን እምነትም ጭምር ነው።

ዛሬ የባንክ ቅርንጫፎች በየወረዳው ተከፍተዋል። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ2014 ዓ.ም. ፀደይ ባንክ ሆኗል፤ ቴሌብርም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ገንዘቡ ከቦታው ሳይነቃነቅ ትእዛዙ ብቻ በስልክ ይሄዳል። ይሁንና አሮጌው አደጋ መልኩን ለውጦ መጥቷል። «ከባንክ ነው የምንደውለው» ብሎ ምስጢር ቁጥር ለሚጠይቅ አታላይ ቁጥሩን መንገር ፖስታውን ከፍቶ እንደ መስጠት ነው። ኔትወርክ የሚቋረጥበት ጊዜም ስላለ ጥሬ ገንዘብ ፈጽሞ አይቀርም።

ስለዚህ ማኅበራት የአባላትን ክፍያ በተቻለ መጠን በሒሳብ ቁጥር እንዲፈጽሙ፣ ጥሬ ገንዘብ የግድ ሲሆን ከአንድ ሰው በላይ ተፈራርመው እንዲያጓጉዙ፣ ለእያንዳንዱ ርክክብ ደረሰኝ እንዲቆርጡና ሒሳባቸውን በየዓመቱ በወቅቱ እንዲያስመረምሩ ያስፈልጋል። ወረዳዎችም የኦዲት ድጋፋቸውን ሊያጠናክሩ ይገባል። ደረሰኝ መጠየቅ ሰውን አለማመን ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ ሊያበቃ ይገባል። ደረሰኝ ታማኙን ገንዘብ ያዥ ከሐሜት የሚጠብቅ፣ አደራን በጽሑፍ የሚያጸና ምስክር ነው።